«አማልክት ናችሁ» ሲባል፦ ልጅነታችንን ሳንጥለውም ሳናጋንነውም ለመያዝ

ይህን የምንጽፈው በሁለት ጫፍ ላይ ለቆማችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እኔ ምን ረብ አለኝ፤ እግዚአብሔርስ በምን ዐይኑ ያየኛል» እያላችሁ ትኖራላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ትንሽ አምላክ ነህ፤ ያወጅኸው ይሆናል» ተብላችሁ፣ ያወጃችሁት ሳይሆን ቀርቶባችኋል። በሁለቱም ጫፍ የቆየን፣ በዚያው መንገድ ሌሎችን የሸኘን ሰዎች ነን። ጫፎቹ የሚራራቁ ይመስላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ግን አንድ ስብከት ይበቃል። አብዛኛው ሰው የሚነሣው ከመጀመሪያው ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

ራስን መናቅ ትሕትና መስሎ ስለሚገባ ቶሎ አይነቃበትም። ምልክቶች አሉት። ጸሎታችሁ ከዳር እስከ ዳር ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ይሆናል። ትናንት የተናዘዛችሁትን ኃጢአት ዛሬ እንደ አዲስ ትናዘዙታላችሁ። ሰው ሲያመሰግናችሁ ትሸማቀቃላችሁ። ከወደቃችሁ በኋላ ደግሞ «መጀመሪያ ልስተካከልና» እያላችሁ ለሳምንታት ከጸሎትም ከጉባኤም ትርቃላችሁ። እውነተኛ ትሕትና ሰውን ወደ እግዚአብሔር ያስጠጋል፤ ይሄኛው ያሸሻል። ሁለቱን ለመለየት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘንም።

ስሕተቱ የሚመጣው የሰውን ታሪክ ከዘፍጥረት 3 ከመጀመር ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ከምዕራፍ 1 ነው፤ በቁጥር 26 እና 27 ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ። «እሱማ ከውድቀት በፊት ነበር» የሚለው መልስ ወዲያው እንደሚመጣ እናውቃለን። ስለዚህ ከውድቀት በኋላ የተነገሩ ሁለት ቦታዎች ያዙ። ዘፍጥረት 9፥6 ከጥፋት ውኃ በኋላ የተነገረ ነው፤ የሰው ደም እንዳይፈስ የሚከለክለው ሰው በእግዚአብሔር መልክ ስለተፈጠረ እንደሆነ ይናገራል። ያዕቆብ 3፥9 ደግሞ ጌታን በምንባርክበት ምላስ በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንደምንረግም አንሥቶ ይወቅሰናል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ቅዱሳን ብቻ አይደለም። ሊገደል የሚችል ሁሉ፣ ሊሰደብ የሚችል ሁሉ ውስጡ አለበት፤ እናንተም አላችሁበት።

መልኩ በውድቀት ምን ያህል እንደተጎዳ የአብያተ ክርስቲያናት አገላለጽ ይለያያል። በሁለተኛው መቶ ዘመን የሊዮን ጳጳስ የነበረው ሄሬኔዎስ «መልክ» እና «ምሳሌ» የሚሉትን ለይቶ ያየ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ተሐድሶ መሪዎች ግን በብዛት ሁለቱን እንደ አንድ ሐሳብ አንብበው የጉዳቱን ጥልቀት አጉልተዋል። ይህን ክርክር ሳትጨርሱ መዳን ትችላላችሁ። አሁን የምትፈልጉት መነሻው ፍርድ እንዳልነበረ ማወቅ ብቻ ነው።

ለዚህ ጊዜ ከሁሉ በላይ የረዳን ንባብ ስለ ጠፋው ልጅ የሚናገረው ሉቃስ 15፥11–32 ነው። ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ልጁ በሩቅ አገር ሆኖ ያጠናው ንግግር (ቁጥር 18 እና 19) ሦስት ነገር አለው፦ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። አባቱ ፊት ቆሞ ሲናገር (ቁጥር 21) የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ አባቱ ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ አምጡ ብሎ ያዝዛል። ንስሐው ተሰምቷል። የቅጥር ማመልከቻው ሰሚ አላገኘም። ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው፦ የንስሐ ጸሎታችሁን በወረቀት ጻፉትና ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። «ከእንግዲህ እንዲህ ባደርግ…»፣ «ይህን ያህል ቀን ጾሜ እክስሃለሁ»፣ «ዝቅ ባለ ቦታ ብቻ አኑረኝ» የሚል ነገር አታጡበትም። እሱን ሰርዙና የቀረውን ጸልዩ። ጾሙ መልካም ነው፤ ለልጅነት የሚከፈል ዋጋ ሲሆን ነው የሚበላሸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጫፍ። ለዓመታት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው አንድ ቀን «አማልክት ናችሁ፤ ሁላችሁም የልዑል ልጆች ናችሁ» የሚለውን ይሰማል። ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ መዝሙር 82፥6። (በብዙ የአማርኛ እትሞች መዝሙሩ 81 ተብሎ 82 በቅንፍ ስለሚጻፍ ፈልጋችሁ ብታጡት አትደናገጡ።) የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ትንሣኤ ናቸው። ሰውየው ቀና ይላል፣ ይጸልያል፣ ይደፍራል። ይህን ደስታ የሚያጣጥል ሰው የታመመበትን ያልታመመ ነው። ችግሩ ያለው ከቁጥር 6 ቀጥሎ ባለው ቁጥር 7 ነው፤ እሱን ማንም አያነብለትም።

ቁጥር 7 «ነገር ግን እንደ ሰው ትሞታላችሁ» ይላል። መዝሙሩ በሙሉ 8 ቁጥር ብቻ ነው፤ አንብቦ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስታነቡት ነገሩ የፍርድ ሸንጎ እንደሆነ ታያላችሁ። እግዚአብሔር ፈራጅ ሆኖ ቆሞ፣ በግፍ የፈረዱትን፣ ለድሀውና ለድሀ አደጉ ያልፈረዱትን ይወቅሳል። «አማልክት» የተባሉት እነማን ናቸው በሚለው ላይ ተርጓሚዎች አንድ አይደሉም፤ የእስራኤል ዳኞች ናቸው የሚሉ አሉ፣ ሰማያዊ ኃይላት ናቸው የሚሉ አሉ፣ ሕጉን የተቀበለው ሕዝብ ነው የሚሉም አሉ። በየትኛውም ብታነቡት ስሙ የተሰጠው ኃላፊነት ተይዞበት ነው፣ ቅጣቱም የመጣው ደካማው ስለተረገጠ ነው። ስለ ሀብትና ስለ ማወጅ አንድም ቃል የለበትም።

ጌታ ራሱ ጥቅሱን ያነሣበትን ዮሐንስ 10፥31–36ንም እዚያው አጠገቡ አንብቡ። ድንጋይ አንሥተው ሊወግሩት ቆመዋል፣ ክሳቸው «ሰው ሆነህ ራስህን አምላክ አደረግህ» የሚል ነው። መልሱ ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚሄድ ሙግት ነው፦ የእግዚአብሔር ቃል የመጣላቸው እነዚያ በዚህ ስም ከተጠሩ፣ አብ የቀደሰውና ወደ ዓለም የላከው «የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ» ቢል እንዴት ስድብ ይሆናል? ክርክሩ ስለ እርሱ ማንነት ነው። ድንጋይ የያዙትን ሰዎች «እናንተም እንደ እኔ ናችሁ» አላላቸውም።

ግማሹን ትምህርት ይዞ የሚሄድ ሰው የሚደናቀፍበት ቦታ የታወቀ ነው፤ በሽታ፣ ዕዳ ወይም ሞት ሲመጣ። ያወጀው አልሆነም። እንዲህ ሲሆን የሚሰጠው ማብራሪያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እምነትህ ጎድሎ ነው፣ አፍህ አሉታዊ ነገር ተናግሮ ነው።» እናም ሰውየው ዞሮ ወደ መጀመሪያው ጫፍ ይወድቃል፣ አሁን ግን በእጥፍ፤ ድሮ ኃጢአተኛ ብቻ ነበር፣ ዛሬ የከሸፈ አምላክ ነው። መድኃኒታቸውን የጣሉ፣ ለቀብር ያልቆሙ፣ ማልቀስ ክህደት መስሏቸው እንባቸውን የዋጡ ሰዎች አሉ።

እዚህ ላይ ከደረሳችሁ ሦስት ቦታዎችን ግለጡ። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያልተወገደለትን በ2ኛ ቆሮንቶስ 12፥7–9 ታገኛላችሁ። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23 ደጋግሞ ለሚያመው ወዳጁ ስለ ሆዱ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስድ ይመክረዋል፤ «ጤንነትህን አውጅ» አላለውም። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ደግሞ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት እንደሄደ በአንዲት ሐረግ ይነግረናል፣ ምንም ሳያፍርበት። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አታቋርጡ። ተስፋ መቁረጡና የእንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ጸሎቱን ሳትተዉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ፤ ለኋለኛው አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ።

እኛን ከሁለቱም ጫፍ ያወጣን አሮጌ ልዩነት ነው፤ በአማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን እንደ ፈተና ጥያቄ ሸምድዶ የሚያልፈው። ክርስቶስ የባሕርይ ልጅ ነው፤ እኛ የጸጋ ልጆች ነን። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ስለ ወልድ «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ሲሉ ያሰመሩት መስመር ይኸው ነው፤ እኛ ያለነው ከመስመሩ ወዲህ፣ በተፈጠሩት ወገን ነው። የሚገርመው፣ ለዚያ መስመር አምስት ጊዜ የተሰደደው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ራሱ ስለ ሥጋዌ በጻፈው ድርሳን ክፍል 54 ላይ እኛ አማልክት እንሆን ዘንድ እርሱ ሰው ሆነ ብሏል። መስመሩን አጥብቆ የያዘ ሰው ነው ይህን ለማለት የደፈረው። የሙግቱም ልብ ይኸው ነበር፦ ወልድ ፍጡር ቢሆን ኖሮ የራሱ ያልሆነውን ለእኛ ማካፈል አይችልም ነበር።

አባቶች ለዚህ የሚጠቀሙበት ምሳሌ እሳት ውስጥ የገባ ብረት ነው። ይግላል፣ ያበራል፣ ያቃጥላል፤ ብረትነቱ ግን አይለወጥም፣ ከእሳቱ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። በ14ኛው መቶ ዘመን የምሥራቅ ኦርቶዶክስ መምህሩ ጎርጎርዮስ ፓላማስ በባሕርዩ የማይቀረበው እግዚአብሔር በኃይሉና በሥራው በእውነት ራሱን እንደሚያካፍል ያስተማረው ይህንኑ ለመጠበቅ ነው። ነገሩ የምሥራቆቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከተሐድሶ መሪዎች አንዱ የሆነው ካልቪን 2ኛ ጴጥሮስን ሲተረጉም የወንጌል ፍጻሜ እግዚአብሔርን ወደ መምሰል፣ እንዲያ ለማለት ቢቻል ወደ መለኮትነት ማድረስ እንደሆነ ጽፏል።

«ታዲያ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥4 ‹ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች› ይል የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በየጥናቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። ተካፋይ ማለት የሌላውን ተሰጥቶት የሚወስድ ነው፤ ባለቤቱ ተካፋይ አይባልም። ጴጥሮስም በቁጥር 3 እና 4 ሰጪውን አስቀድሞ ከጠቀሰ በኋላ ከቁጥር 5 እስከ 7 ባለው ውስጥ በእምነት ላይ ሰባት ነገር ጨምሩ ይላል፦ በጎነት፣ እውቀት፣ ራስን መግዛት፣ መጽናት፣ እግዚአብሔርን መምሰል፣ የወንድማማች መዋደድ፣ ፍቅር። መለኮታዊ ባሕርይን የተካፈለ ሰው ምን እንደሚመስል ከፈለጋችሁ ዝርዝሩ ይኸው ነው። ራስን መግዛት በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ቁጥጥር ስር ማድረግ የተባለው ሌላው ሰው ወይም ሁኔታው አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። በተለምዶ የሞርሞን የምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያንም ስለ ሰው መለኮታዊ ባሕርይና ፍጻሜ አብዝታ ታስተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው ስለ ቤተሰብ የሚናገረው አዋጅ እያንዳንዱ ሰው የሰማያዊ ወላጆች መንፈሳዊ ልጅ ነው ይላል። የኒቅያን የሃይማኖት መግለጫ የሚቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት ግን በፈጣሪና በፍጡር መካከል ያለውን መስመር ስለሚጠብቁ ልጅነትን በጸጋ የተሰጠ አድርገው ነው የሚረዱት። ቃሉ ተመሳስሎ ሐሳቡ ሊለያይ ስለሚችል ከሰው ጋር ስትነጋገሩ «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

አሁን ወደ ልምምዱ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትጀምሩ። ለመጀመሪያው ሳምንት 1ኛ ዮሐንስን ብቻ አንብቡ፣ ጮክ ብላችሁ። አምስት ምዕራፍ ነው፤ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። በ3፥1–3 ላይ ቆዩ። «አሁን የእግዚአብሔር ልጆች ነን» ይላል፣ በአሁን ጊዜ። ወዲያው «ምንም እንደምንሆን ገና አልተገለጠም» ብሎ የቀረውን ወደፊት ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጫፍ «አሁን» የሚለውን ይዘላል፣ ሁለተኛው ጫፍ «ገና» የሚለውን። ቁጥር 3 ደግሞ ይህ ተስፋ ያለው ሁሉ ራሱን ያነጻል ብሎ ይዘጋል።

ከዚያ ሮሜ 8ን ጨምሩ፣ 39 ቁጥር ነው። ደብተር ያዙና ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ በኩል ስለ እናንተ የተነገረውን፣ በሌላው ያን ያደረገው ማን እንደሆነ ጻፉ። ተቀበላችሁ ይላል፣ ማን ሰጠ? ወራሾች ናችሁ ይላል፣ ከማን ጋር? ቁጥር 17 ላይ ስትደርሱ አብሮ መከበር ብቻውን እንዳልተጻፈ፣ አብሮ መከራ መቀበል አጠገቡ እንዳለ ታያላችሁ። ከስብከት የሰማችሁትንም «እኔ እንዲህ ነኝ» የሚል አዋጅ በዚያው ገጽ ጻፉት። ሁለተኛው ዐምድ ባዶ ከሆነ፣ ወይም እዚያም «እኔ» ብቻ ከገባ፣ ያ ትምህርት ከዘፍጥረት 3፥5 ብዙ አይርቅም። እባቡ «እንደ እግዚአብሔር ትሆናላችሁ» ያላቸው አስቀድሞ በምሳሌው ለተፈጠሩት ሰዎች ነበር፤ ያቀረበላቸው የተሰጣቸውን ነገር ያለ ሰጪው ነው።

ለጸሎት አዲስ ነገር አትፈልጉ። «አባታችን ሆይ»ን በቀን አንድ ጊዜ፣ በየሐረጉ አንድ ትንፋሽ እያረፋችሁ ጸልዩ። ልጅነትም ንስሐም በአንድ ጸሎት ውስጥ አብረው አሉ፤ አባት ብሎ የጀመረው ሰው ነው «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው። የመጀመሪያው ጫፍ ሰዎች «አባታችን» ላይ ምላሳቸው ይያዛል፣ የሁለተኛው ጫፍ ሰዎች «ይቅር በለን» ላይ ይቸኩላሉ። የት እንደምትቸኩሉ አስተውሉ፤ ሥራችሁ ያለው እዚያ ነው። ስትወድቁም 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን እና 2፥1ን ይዛችሁ በዚያው ቀን ተመለሱ። ንስሐ አባት ወይም የምታምኑት መጋቢ ካላችሁ ለእርሱ ንገሩ። አንዴ ከተናዘዛችሁ አትድገሙት፤ ሲመላለስባችሁ «ተናዝዣለሁ» ብላችሁ አመስግኑ።

ከሁሉ የሚከብደው የቀረው ነው። ስለ ራሳችሁ ያመናችሁት እውነት መሆኑ የሚታየው ስለሌላው በምታስቡት ነው። ወደ ሉቃስ 15 ታላቅ ልጅ ተመለሱ። ቤት ውስጥ ሆኖ «እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» ይላል፤ ልጅ ሆኖ የባሪያ ሒሳብ ይይዛል። ወንድሙንም «ይህ ልጅህ» ነው የሚለው፣ «ወንድሜ» ማለት አልወጣለትም። አባቱ «ይህ ወንድምህ» ብሎ ያርመዋል። ልጅነቱን ያልተረዳ ሰው ወንድም የለውም። ስለዚህ የማትወዱትን አንድ ሰው ምረጡ፤ ለአንድ ወር በያዕቆብ 3፥9 መሠረት ስለ እርሱ ክፉ ላለመናገር ሞክሩ፣ በእርሱ ፊትም በሌለበትም። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ያቋርጣል። ሲያመልጣችሁ ከዚያው ቀን ቀጥሉ፣ ከመጀመሪያ አትቁጠሩ።

ለልጆች ወይም ለአዲስ አማኞች የምታስተምሩ ከሆናችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ዘፍጥረት 1፣ ከዚያ ዘፍጥረት 3፣ ከዚያ ሉቃስ 15፣ ከዚያ ዮሐንስ 1፥12፣ መዝሙር 82 በመጨረሻ። ለልጅ «ጨዋ ከሆንክ የእግዚአብሔር ልጅ ነህ» አትበሉት፤ ሲያጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያሰላው ወዲያው ነው። «የእግዚአብሔር ልጅ ስለሆንክ ምንም አይነካህም» ም አትበሉት፤ በመጀመሪያው ትኩሳት ይጠይቃችኋል።